የተሰበሰበ ስህተት

ባለፈው ሰሞን አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ ወልድያ ገበያው አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ሱቄ መጣና፣ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ክሱን ጀመረ።

«ይኼ ማሽን ክር ይበጥሳል፣ ስፌት ይዘላል፣ ጨርቅ ያኝካል። በቃኝ፣ ሌላ ልገዛ ነው።»

መርፌውን አየሁት። ፊትና ጀርባው ተገላብጦ ገብቷል። አውጥቼ፣ አዙሬ ከተትኩለትና «እስቲ ስፋ» አልኩት። ሰፋ፤ ቀጥ ያለ፣ ሸጋ ስፌት። ይደሰታል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠቆረ። ማሽኑ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝለት ኖሮ እያመሰገነ ይሄድ ነበር። ጥፋተኛው መርፌውን የከተተው እጅ መሆኑ ሲታወቅ ግን «በቃ፣ ይኼው ነው?» ብሎ ተኮሳትሮ ወጣ።

ያንን ፊት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ማሽን ጠጋኝ የሆንኩት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ፖሊስ ነበርኩ፤ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂና የተኩስ አሰልጣኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰዎች ጠብመንጃቸውን ይዘው እየመጡ ያንኑ ክስ አሰምተውኛል። «ወደ ግራ ትጎትታለች።» «ወደ ላይ ትዘላለች።» «ይቺ መሣሪያ አትወደኝም።» እኔም ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፤ ጠብመንጃው አልሳተም፣ አንተ ነህ የሳትከው።

ስሸኝ ጋቢ አለበሱኝ። አለቃችን ተነሥቶ «ኢላማ ስቶ የማያውቅ ባልደረባችን» ብሎ ንግግር አደረገ። ጭብጨባው ስለ ጣፈጠኝ ዝም አልኩ እንጂ ውሸት ነው። ብዙ ስቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጥይት ሳልተኩስ ስቻለሁ፤ ያ ከሁሉም የከፋው ነበር። ስለ እሱ ለመጻፍ ነው የተነሣሁት፤ ግን እንደ ማንኛውም ጡረተኛ መንገድ ላይ የማወራው አላጣም።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ወልድያ ነው። ከዚያ ውርጌሳ ኬላ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ከደሴ የሚመጣ መኪና ማስቆምና አቧራ መዋጥ ነበር ሥራዬ። እዚያ ያተረፍኩት የንባብ አመል ነው። በሁለት መኪና መካከል ብዙ ገጽ ይነበባል። ባልደረቦቼ «ፈላስፋው» ይሉኝ ጀመር፤ ሙገሳ አልነበረም።

ወልድያ ሳለሁ የነበረኝ አለቃ ሽጉጥ ወዳድ ነበር። ወዳድ ስል ተኳሽ ማለቴ አይደለም። አዲስ ሽጉጥ በመጣ ቁጥር የድሮውን መልሶ አዲሱን ይወስዳል፤ ማኅደሩ ከቆዳ፣ ማሰሪያው ከነሐስ። ልምምድ ቀን ሲደርስ ስብሰባ ይገጥመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ስብሰባው ተሰረዘና ከእኛ ጋር ወጣ። ኢላማው ዳነ፤ ከኢላማው ራቅ ብሎ የበቀለ ግራር ግን ቆሰለ። አለቃዬ ሽጉጡን አገላብጦ አየና «ይኼም ያው ነው» ብሎ ሌላ ጠየቀ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው የተሻለ መሣሪያ የሚፈልገው የተሻለ ለመምታት አይደለም፤ ሲስት የሚያሳብብበት ነገር እንዲኖረው ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። አንድ ያረጀ ክላሽ በአሸዋ ከረጢት መካከል አጣብቀህ ብትተኩሰው ጥይቶቹን ሁሉ ሳህን በምታህል ቦታ ያሳርፍልሃል። ያንኑ ክላሽ ለሰው ስጠው፤ የቤት በር የሚያህል ቦታ ይፈልጋል። በሳህኑና በበሩ መካከል ያለው ልዩነት ሰው ይባላል። ደመወዜን የበላሁት በዚያ ልዩነት ላይ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነበርና ሥራ አጥቼ አላውቅም።

ይህን ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ይማም ናቸው። መርሳ ስመደብ ግምጃ ቤቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ አጭር ሰው፤ ሁልጊዜ ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም የማይጠፋ። ሳንቲሙ ለሻይ አልነበረም። ምልምል ሲመጣ ባዶ ጠብመንጃ አስይዘው ሳንቲሟን አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያስቀምጡና «ምላጩን ሳብ» ይሉታል። ሳንቲሟ ትወድቃለች። «አንሣ። ድገም።» ሙሉ ጠዋት፣ አንዲት ጥይት ሳትተኮስ። ሰውየው በሁለተኛው ቀን ያማርራል፤ በሳምንቱ ሳንቲሟ አፈሙዙ ላይ እንደ ተቀመጠች ትቀራለች።

ሌላው አመላቸው በጥይቶቹ መካከል የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ደብቀው መክተት ነበር። ተኳሹ አያውቅም። ሲስብ «ቀጭ» ይላል እንጂ አይጮህም፤ ግን አፈሙዙ ፍንዳታውን ጠብቆ ጎንበስ ሲል ሁላችንም እናያለን። ጋሼ ይማም ያኔ ይስቃሉ።

«አየህ፣ ልጄ? ለድምፁ ሰገድክለት። ለአላህ እንጂ ለባሩድ አይሰገድም።»

«ጋሼ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«እኮ! ልማድ በልማድ ነው የሚወጣው። ድገም።»

«ሳትክ» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ፣ ወደ ኢላማው ከመሄዳቸው በፊት «ጥይቱ የት ሄደ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተኳሹ መልስ መስጠት አለበት። «ታች» ካለና ታች ከተገኘ ያሞግሱታል፤ ኢላማውን ባይመታም። «ስህተቱን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ ነው» ይሉ ነበር።

በመሣሪያው ላይ የሚያሳብበውን ደግሞ እንዲህ ያክሙታል።

«ጋሼ ይማም፣ ይቺ ክላሽ ወደ ግራ ትጎትታለች።»

«አጃኢብ ነው! እስቲ ወዲህ በላት።»

መሣሪያውን በአክብሮት ይቀበላሉ፤ በአንድ ዐይናቸው አፈሙዙን ያያሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ግምጃ ቤት ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። ከውስጥ የሞረድ ድምፅ ይሰማል፤ ክርር፣ ክርር። የሚሞረደው ጠብመንጃው አይደለም፤ ከግድግዳው ሥር የተጣለ አሮጌ የበር ማጠፊያ ነው። ከዚያ ወጥተው ያንኑ መሣሪያ እንዳለ ይመልሱለታል። ሰውየው ይተኩሳል፤ ይመታል፤ «አልሃምዱሊላህ፣ አሁን ተስተካከለች!» ይላል።

እኔ ወጣትና ጻድቅ ነበርኩ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ማታለል ነው» አልኳቸው።

«ምን አታለልኩ? መሣሪያው አልታመመም። የታመመውን ነው ያከምኩት።»

ሰዎች የሚያውቁላቸው አንድ አባባል ነበራቸው፤ «የተበተነ ስህተት የሰው ነው።» ጥይቶችህ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ጎን ከሆኑ መሣሪያህን ተውና ትንፋሽህን፣ ትከሻህን፣ ጣትህን መርምር ማለታቸው ነው። አባባሉን ወረስኩት። ሙሉ አልነበረም፤ ግን ያኔ አላወቅኩም፤ ወይም የወደድኩትን ግማሽ ይዤ ሄድኩ። አንባቢ ነኝ የሚል ሰው በመጽሐፍም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጋሼ ይማም ጡረታ ወጥተው ከመርሳ ዳር ፍየል ማርባት ሲጀምሩ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። እኔ የበር ማጠፊያ አልሞረድኩም። ለመጣው ሁሉ እውነቱን ፊት ለፊት እነግረው ነበር። ስለዚህ ከእሳቸው የበለጠ እውነተኛና ከእሳቸው ያነሰ አሰልጣኝ ሆንኩ። አብዛኛው ሰው ስብከቴን ሰምቶ፣ አኩርፎ፣ ባልተለወጠ ጣቱ ይመለሳል። አንድ ሰው ብቻ ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማ። የጎዳሁት እሱን ነው።

እንድሪስ ይባላል። ከግራና ከተማ በላይ ተዳፋቱ ላይ ማሽላ የሚያርስ ገበሬና የቀበሌው ሚሊሻ ነው። መሣሪያው የሟች አባቱ የአባ ሰይድ ምንሽር ነበር። አባ ሰይድ በዚያ አካባቢ በተኩስ የተመሰገኑ ሰው ነበሩ፤ ከማሽላ ማማ ላይ ሆነው ገደል ላይ ያለ ዝንጀሮ ያወርዳሉ ይባልላቸዋል። ሲሞቱ «ይህ መሣሪያ ከቤት ሰው እጅ እንዳይወጣ» ብለው ተናዘዙ፤ እንድሪስም ቃሉን እንደ ውርስ ጠበቀ።

በዓመት አንዴ ሚሊሻዎቹ ተሰብስበው በየመሣሪያቸው ይተኩሳሉ። መሐል ክቡን ያልመታ ሰው መሣሪያው እስከሚቀጥለው ዙር ግምጃ ቤት ይገባል። ደንቡ ደግ ነው፤ የማይመታ ሰው ጠብመንጃ ይዞ ቢዞር የሚጎዳው ጎረቤቱን ነው። ለእንድሪስ ግን ነገሩ ሌላም ነበር። ማሽላው ያለው ከገደሉ ሥር ነው፤ ከገደሉ ዝንጀሮ ይወርዳል፣ ከጫካው ከርከሮ ይመጣል። መሣሪያው ከተወሰደበት እህሉም የአባቱም ስም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዙሩ ከመድረሱ በፊት ልምምድ ፈልጎ ወደ እኔ መጣ።

የመጀመሪያ ጥይቶቹ በር የሚያህል ቦታ ላይ ተበተኑ። እንደ ልማዴ ጠየቅኩት።

«መሣሪያህ ችግር አለበት?»

ደነገጠ። «መሣሪያው? የአባቴ መሣሪያ እኮ ነው፣ ሳጅን! እሱ አይስትም። የምስተው እኔ ነኝ።»

ልስመው ምንም አልቀረኝም። በስንት ዓመት አንዴ ይህን የሚል ሰው አገኘሁ! በየገበያው ቀን መርሳ ሲወርድ አስተማርኩት። ሳንቲሟን ሰጠሁት፤ ቤቱ ወስዶ ማታ ማታ ሲለማመድባት ይከርም ነበር። የልምምድ ጥይት ደበቅኩበት፤ መስገዱን ተወ። ትንፋሹ ረጋ፣ ትከሻው ላላ፣ ጣቱ ለሰለሰ። ጥይቶቹም ተሰበሰቡ፤ ከበር ወደ ሰፌድ፣ ከሰፌድ ወደ ቡጢ። ቡጢው ግን የተሰበሰበው ከክቡ ውጭ ነበር፤ ታች፣ በቀኝ ጥግ።

«ጥይቱ የት ሄደ?» እለዋለሁ፣ ጋሼን መስዬ።

«መሐል።»

ሄደን እናያለን፤ ታች በቀኝ።

«ራስህን አትዋሽ። ምላጩን ወደ ቀኝ እየጎተትክ፣ አፈሙዙን እየደፋህ ነው።»

«እሺ፣ ሳጅን።»

ድጋሚ። «የት ሄደ?» «መሐል።» ታች በቀኝ። ሰውየው በሙሉ ልቡ እውነቱን ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ጥያቄውን ወርሼ መልሱን መስማት አልወረስኩም።

አንድ ቀን «እስቲ አንዴ እኔ ልሞክረው» አልኩት። ምንሽሩን ደረቱ ላይ አቀፈው።

«ሳጅን፣ ሚስትዎን ያውሱኝ ብልዎት ይሰጡኛል?»

ሳቅኩና ተውኩት። አገሩን አውቃለሁ፤ በእኛ ወገን የሰው መሣሪያ ተቀብሎ መተኮስ የሰው ቁርስ እንደ መብላት ነው። ደግሞ ለምን እሞክረዋለሁ? ጠብመንጃ እንደማይስት ሁለታችንም እናምን ነበር።

ዙሩ ደረሰ። እንድሪስ ከሁሉም ተረጋግቶ ተኮሰ። ጥይቶቹ ሁሉ የጣውላውን ታችኛ ቀኝ ጥግ ፈልጠው ጣሉት፤ ክቡ እንዳለ ቀረ። ከኋላ የተኮለኮሉት አልማሩትም።

«የሰይድ ልጅ! ማገዶ ለመፍለጥ ምሳር አይሻልህም?»

«አባትህ ዝንጀሮ አወረዱ፤ አንተ ጣውላ ጠረብክ!»

ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ምንሽሩን ጠቀለለና በሁለት እጁ አስረከበኝ። ያኔ የተናገረውን እስካሁን እሰማዋለሁ።

«ጠብመንጃው አልሳተም፣ ሳጅን። እኔ ነኝ።»

የራሴን ዓረፍተ ነገር ነበር የመለሰልኝ። ቁልፉን ቆለፍኩበት።

ማሽላው እሸት ሲይዝ በሥራ ጉዳይ በግራና በኩል አለፍኩ። እንድሪስ ወንጭፍ ይዞ ከማሳው ዳር እስከ ዳር ይሮጣል። በሌላው ጫፍ ታላቅ እህቱ መዲና ጣሳ ትቀጠቅጣለች። ዝንጀሮዎቹ ጣሳውን ለምደውታል፤ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው እንደ ሰርግ እድምተኛ ያዳምጣሉ። የማሳው ግማሽ ተሰባብሮ ተኝቷል።

«ይኼ ነው ያ አስተማሪህ?» አለችው መዲና፣ እኔን በአገጯ እያሳየች።

«ዝም በይ እንጂ፣ እንግዳ ነው።»

«እንግዳማ እነዚያ ናቸው» አለች ወደ ገደሉ ዞራ። «ሳይጠሩ መጥተው በልተው የሚሄዱ። ይኼንስ አንተው ሄደህ ነው የጠራኸው።»

እንድሪስ ግን የቀረችውን እሸት ጠብሶ አበላኝ። ያ እሸት እንደ ዕዳ መርሳ ድረስ አብሮኝ ወረደ።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ጋሼ ይማም አንድ አሮጌ ጣውላ በትከሻቸው ተሸክመው ቢሮ ገቡ። ፍየሎቻቸው ተኩስ ሜዳው ላይ ሲግጡ ጣውላው ተጥሎ አግኝተውታል። ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉትና በጣታቸው የጎደለውን ጥግ ዳበሱ።

«ይህን ጥግ የበላው አይጥ ማን ነው?»

«እንድሪስ ነው፣ የአባ ሰይድ ልጅ። ወደቀ።»

«ማን ጣለው?»

«ምላጭ ይጎትታል፣ ጋሼ። ብዙ ደከምኩበት።»

ጣውላውን ወደ እኔ ገፉት። «ምላጭ የሚጎትት ሰው አንዴ ብዙ ይጎትታል፣ አንዴ ትንሽ። ይኼ ሁልጊዜ እኩል ይጎትታል? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ተኳሽ እኔ አግኝቼ አላውቅም! ምን ብዬ ነበር ያስተማርኩህ?»

«የተበተነ ስህተት የሰው ነው።»

«ከዚያስ?»

የተፈለጠውን ጥግ አየሁ።

«የተሰበሰበ ስህተት የመሣሪያ ነው! ግማሹን የት ጣልከው?»

ዐሥር ጊዜ ሰምቼው ነበር። ጠብመንጃው የማይስት መሆኑን ሳውጅ ዓመታት ስላለፉኝ ሁለተኛው ግማሽ ከጆሮዬ ወድቋል። ብዙኃኑ ሁልጊዜ በመሣሪያው ያሳብባልና እኔ ሁልጊዜ በሰው አሳበብኩ። ከብዙኃኑ በተቃራኒ መቆም ማሰብ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያው ስንፍና ፊቱን አዙሮ ነው።

የዚያኑ ዕለት ለመርሳው አለቃዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነበር፤ «ጥፋቱ የመሣሪያው መሆኑን አሳየኝና እንደገና ይተኩስ» አለ። ማሳየት ቀላል ነው፤ ሌላ ሰው ይተኩሰዋል፤ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ አይስትም። ግን የማን እጅ? የሰውየውን መሣሪያ ቆልፌበት እንጂ ኑዛዜውን አልቆለፍኩትም። እንድሪስን አስጠራነው። ጋሼ ይማም ናቸው መላውን ያገኙት።

«ከቤት ሰው እጅ አይውጣ ነው የተባለው። ሌላ የቤት ሰው የለህም?»

እንድሪስ ጭንቅላቱን አከከ። «እህቴ መዲና አለች።»

«ተኩሳ ታውቃለች?»

«በልጅነታችን ከአባባ ጋር ማማ ላይ የምትውለው እሷ ነበረች። እኔ ወልድያ ትምህርት ቤት ነበርኩ።»

መዲና መጣች። ተኩስ ሜዳው ላይ አለቃችን፣ ጋሼ ይማም፣ እንድሪስና እኔ ቆመናል። ከመንገዱም ወሬ ያሸተተ ሰው ተሰብስቧል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ምንሽሩን ከፎጣው ፈታች፤ የረሳችውን ዘመድ እንደምታገኝ ሰደፉን ዳበሰችው። ተንበርክካ ተኮሰች።

መሐል ክቡን በሳችው።

ሰዉ ፈነዳ። «እንዴ፣ በሴት ተበለጥክ!» «መዲና፣ ሚሊሻ አንቺ ግቢ!» እንድሪስ መሬት አየ። መሣሪያው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ልጁን ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም በእህቱ እጅ አዋረድኩት። አለቃዬ እኔን አየኝና «እስቲ ድገሚው፣ እህቴ» አላት፤ ደገመች። መሐል።

ጋሼ ይማም ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«መዲናዬ፣ የት ነው ያነጣጠርሽው?»

«እዚያ ነዋ» አለች፣ የጣውላውን ላይኛ ግራ ጥግ እያሳየች። «ታዲያ የት ላነጣጥር?»

«ማን አሳየሽ?»

«አባባ። ‹የዝንጀሮውን ደረት ከፈለግሽ በግራሽ ካለው ጆሮው በላይ አየሩን ምቺ› ይለኝ ነበር። ይቺ መሣሪያ ገና ሲገዛት ከአህያ ላይ ድንጋይ ላይ ወድቃ ማነጣጠሪያዋ እንደ ተጣመመ ነው። ቤተኛው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ አላውቅም» አለ እንድሪስ። «ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«መች ጠየቅከው? አንተ በእረፍት ስትመጣ ቅባት ትቀባት ነበር፤ ትወለውላት ነበር፤ ተኩሰህ ታውቃለህ? ዘንድሮስ ቢሆን መች ‹ወዴት ላነጣጥር› አልከኝ? ‹ሳጅን እንዲህ አለኝ› ስትል ነው የከረምከው።»

አባ ሰይድ የማይስት ጠብመንጃ አልነበራቸውም። የሚስት ጠብመንጃ ነበራቸው፤ የት እንደሚስት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዝናው ለመሣሪያው ተሰጠ፤ ሙያው ግን የእሳቸው ነበር። ልጃቸው ብረቱን ወረሰ፤ ሴት ልጃቸው ጥመቱን ወረሰች። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስሰብከው የኖርኩት፣ ሰው ከመሣሪያ እንደሚበልጥ፣ ከዓይኔ ፊት ተረጋግጦ ቆሟል፤ የተረጋገጠው ግን እኔን አሳፍሮ ነው።

እንድሪስ ምንሽሩን ከእህቱ ተቀበለ። ሳንቲም ያለሰለሰው ጣቱ ያው ነው። ላይኛ ግራ ጥጉን አነጣጠረና ተኮሰ።

«ጥይቱ የት ሄደ?» አሉት ጋሼ ይማም።

«መሐል።»

መሐል ነበር። የቀሩትም ጥይቶች እዚያው ገቡ፤ እንጀራ ማውጫ ሰፌድ ላይ እንደ ተዘራ ሳይሆን አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተጨመረ ዘር። አለቃችን እጁን ጨበጠውና «መሣሪያህን ይዘህ ግባ» አለው። ማሽላው ግን ተበልቶ አልቋል። ያንን የሚመልስ አለቃ የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልመለስኩም።

መዶሻና ሞረድ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። «ከፈቀድክ አቀናዋለሁ» አልኩት፣ እምቢታውን እየጠበቅኩ። ምንሽሩን አገላብጦ አየ።

«አባባ በጠማማው መትቷል። እኔም ይኼው መታሁ» አለ። ከዚያ ወደ እህቱ አየ። «ግን አባባ ሊያሳየኝ ጊዜ አጥቶ ሞተ። እኔም ለልጆቼ ባጣስ?» በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። «ያቅኑት።»

ከቤት ሰው ውጭ ያ መሣሪያ በፈቃድ የተሰጠው የመጀመሪያ እጅ የእኔ ነበር፤ ያውም የከሰረበት እጅ። ከጡረታው ጋቢ ይልቅ የምኮራበት እሱ ነው።

«ሳጅን» አለኝ ቀጥሎ፣ ዐይኑን አጥብቦ፣ «የበር ማጠፊያ እንዳይሞርዱብኝ።» የጋሼ ይማም ብልሃት ለካ አገር ያወቀው ነበር!

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «ዐይኑ እያየ ሞርድለት። ይኼኛው የእውነት ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የፊት ማነጣጠሪያ ሲስተካከል አንድ እንግዳ ሕግ አለው፤ የሚገፋው ጥይቱ ወደ ሳተበት አቅጣጫ ነው። ወደ ቀኝ ከሳተ ወደ ቀኝ ትገፋዋለህ፤ ወደ ታች ከሳተ ከአናቱ ትሞርደዋለህ። ስህተቱን መሸሽ ሳይሆን መከተል ነው። አንድ በመዶሻ፣ ሁለት በሞረድ፤ ክርር፣ ክርር። ተኮሰ፤ ትንሽ ቀረው። ጨመርኩ። ተኮሰ። አሁን መሐሉን አነጣጥሮ መሐሉን በሳ። ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«ቆይ፣ እኔም ልየው» አለች መዲና፣ ምንሽሩን ነጥቃው። ተንበረከከች፤ ተነፈሰች፤ ተኮሰች። ጥይቱ ላይኛ ግራ ጥጉን ፈልጦ ወጣ።

ብድግ አለች። «መሣሪያችንን አበላሹት!»

አፌን ከፈትኩ። ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ቆሟል፤ ለአንድ ሙሉ የሥራ ዘመን በየቀኑ ያልኩት፣ ያን ጊዜ ደግሞ ፍጹም እውነት የሆነው። ጋሼ ይማም በአንድ ዐይናቸው አዩኝ፤ አፈሙዝ ሲመረምሩ እንደሚያዩት። ዋጥኩት።

«የት ነው ያነጣጠርሽው፣ እህቴ?» አልኳት።

«አባባ ባሳየኝ ቦታ ነዋ!» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። ነጠላዋን አስተካከለች። ምንሽሩን ለወንድሟ መለሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሰደፉን ያዝ አደረገችው።

«ገባኝ» አለች ቀስ ብላ። «ግን እኔ በዚያ ነው የማውቃት።»

ከዚያ ወዲህ ክፉ ዘመን መጥቶ አለፈ፤ በዚያን ጊዜ የተተኮሰው ወደ ጣውላ ስላልነበረ እዚህ አላነሣውም። በአገልግሎቴ ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ጋሼ ይማም አሁንም ፍየል ያረባሉ፤ እንድሪስ ማሽላ ያርሳል። ባለፈው መስከረም ወልድያ መጥቶ ሱቄ ጎራ ብሎ ነበር።

«ዝንጀሮዎቹስ?» አልኩት።

«አሉ፤ ግን ከገደሉ አይወርዱም። የመዲና ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ብቻ ይመጣል።»

«እንዴት የመዲና ወገን?»

«መሐሉን አነጣጥሪ ስላት እሺ ትላለች፤ ማማው ላይ ስትወጣ ግን አባባ እንዳሳያት አየሩን ነው የምትመታው። እሱም አውቆባታል፤ በልቶ፣ ጠግቦ ይመለሳል።» ሳቀ። «የሚበላው ለአባባ ነፍስ ሰደቃ ነው ትላለች። እኔም ተውኳት።»